ዋጋውን ያልጠየቅኩት ማሽን

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ሙህዲን ዛሬ ከሆስፒታል ወጣ። ሰው እንዳያየን መግሪብ እስኪል መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ጨለም ሲል ልጃችን ሀፍሷ በግራ፣ እኔ በቀኝ ሆነን ደረጃውን አወጣነው። ሦስተኛ ፎቅ እንዲህ ሩቅ መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። በየማረፊያው ቆም እያለ ግድግዳውን ያያል።

ሰኔ ላይ የጣለው ስትሮክ ነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ። ምላሱም ተሳስሮ ነበር፣ እሱ እየተፈታ ነው፣ አልሀምዱሊላህ። ዶክተሩ ለብቻዬ ጠርቶ፣ እግሩ የሚመለሰው በእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው አለኝ። በየቀኑ ይራመድ። እስከ መስከረም ያልተመለሰው ከዚያ በኋላ ብዙም ተስፋ አይደረግበትም። ገባኝ አልኩት።

ሱቃችን ባለበት ዱባይ ተራ ግን ሙህዲን ቻይና ነው ያለው። የመጋረጃ ጨርቅ ሊያመጣ ሄዷል። እንዲህ ነው ያልነው። የኛ ተራ በወረቀት አይሠራም፣ በሰውዬው ነው። ሰውዬው ወደቀ ከተባለ ማን በቃሉ ዕቃ ይሰጠዋል? ከኛ ዝቅ ብለው ይነግዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ልባቸውን አመማቸው የተባለ ጊዜ፣ ዕቃ የሚሰጧቸው ሁሉ ብርቱካን ይዘው ጠየቋቸውና ሲመለሱ ጣቃቸውን እያስጫኑ ሄዱ። በዓይኔ ያየሁት ነው። ስለዚህ ቻይና አልን። ተስማምተን ነው።

ቻይና ያለ ሰው ደግሞ በተክለ ሃይማኖት መንገድ እግሩን እየጎተተ አይታይም። መራመዱ እንግዲህ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ሶፋ ብቻ ነው።

አላለቀስኩም። ሀፍሷ ኮሪደር ላይ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋትና ፊትሽን ታጠቢ አልኳት።

ሐምሌ 4፣ ጁምዓ

ኢየሩስ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት መጣች። ቤት ለቤት እየሄደች የምታሠራ ልጅ ናት። ከሀፍሷ ብዙ አትበልጥም፣ እጇ ግን የወንድ ነው። እግሩን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ አስቆመችው። መንገድ ወርዶ ቢራመድ ነው የሚሻለው አለች። አይቻልም አልኳት። ለምን ብላ አየችኝ። አይቻልም አልኩ እንደገና። እንግዲያው ትሬድሚል ግዙ አለች፣ ቤት ውስጥ የሚሆን የመሮጫ ማሽን። ግራና ቀኝ መያዣ ያለው፣ ቀስ የሚል። ቶሎ ግዙ እትዬ፣ ቀኑ ይሄዳል አለች።

እሺ አልኳት።

አዛን ሲል ሙህዲን ወደ መስኮቱ ዞረ። መጋረጃው ዝግ ነው። «ዛሬ ጁምዓ ነው» አለ። አዎ አልኩት። ተቀምጦ ሰገደ።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ሱቅ ዋልኩ። ከገባሁ እስክወጣ አልተቀመጥኩም።

አባቴ ሱቅ ባንኮኒ ሥር ነው ያደግሁት። ጨርቅ በእጄ ዳስሼ ከየት እንደመጣ እናገር ነበር። ሳገባ ሙህዲን «የኔ ሚስት ባንኮኒ ኋላ አትቆምም» አለ። ክብሬ ነው ብሎ ነው፣ ክፋት የለበትም። እኔም ክብር ነው ብዬ ቤቴ ገባሁ። ይኸው ሀፍሷ ዩኒቨርሲቲ ደርሳ ለክረምት መጥታለች።

ሻጫችን አሸብር ከሙህዲን ጋር ያረጀ ሰው ነው። ወንበሩን ጠርጎ አቀረበልኝ። «ጋሼ ደረሱ?» አለኝ። ደርሷል አልኩት። «አየሩ ተስማማቸው?» ተስማማው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀኝም።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ማሽን ፍለጋ ሄድኩ። ከኛ ሕንፃ ማዶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የስፖርት ዕቃ የሚሸጥ ፉርቃን የሚባል ልጅ አለ። ፀጉሩ ቅባት በቅባት፣ አፉ ማር። ለማን ነው አለኝ። ለማን ልበል? ለኔ ነው፣ ስኳር አለብኝ አልኩት። ስኳር የለብኝም፣ አላህ ይጠብቀኝ።

«እናቴ፣ ኪሎዎ ስንት ነው?» አለ። ነገርኩት። ቁመቴን በዓይኑ ለካ። ጫማ አስወልቆ አንዱ ላይ አወጣኝ። ጅልባቤን ሰብሰብ አድርጌ ያዝኩ። ወለሉ ከሥሬ መሄድ ሲጀምር ደነገጥኩ፣ በኋላ ለመድኩት። ክንዴ ራሱ መወዛወዝ ጀመረ። ስንት ዓመቴ ነው ማንም ሳያስቆመኝ ከተራመድኩ? ከቤት ብወጣ ሰላምታው፣ ብገባ ደረጃው ነው።

የማይጠየቅ ነገር አልተውኩም። ምን ያህል ይሸከማል? ምን ያህል ይሮጣል? ሞተሩ የስንት ፈረስ ጉልበት ነው? ዋስትና አለው? ፉርቃን ሁሉንም መለሰልኝ፣ ይሮጣል ብቻ ሳይሆን ያስሮጣል አለኝ። ከዚያ ዝም ብዬ አዳመጥኩት፤ ሞተሩ ይጮሃል። ታች ያሉት ሰዎች ይሰሙታል። እዚያ ላይ ማነው የሚሮጠው ይላሉ። ሌላ ካመጣህ ጥራኝ ብዬው ወረድኩ።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ሙህዲን ማሽኑስ ሲለኝ ይኸው መብራቱን እያየህ አልኩት። ስታብላይዘርም ያስፈልገዋል። ይጠና አልኩ።

ሀፍሷ ከማድ ቤት በር እስከ መኝታ ቤት ታመላልሰዋለች። ምንጣፉን ጠቅልላ አቆመችው። ቤቱ ሊቀየር የተዘጋጀ ይመስላል።

ሐምሌ 17

ቸኩያለሁ። ሦስት ሙሽራ በአንድ ቀን። አንዷ እናቷን፣ እናቷ ምራቷን ይዘው። ጣቃውን አንጥፌ ሳሳይ ማንም አይገዛም፣ ሰፍቼ ሰቅዬ ሳሳይ ይገዛሉ። ሙህዲን ይህን አያውቅም። ወይም ወንድ ስለሆነ ነው።

ሌላ ማሽን አየሁ። መወጣጫው ጠባብ ነው። ተውኩት።

ሐምሌ 22

ጨለማ ጨለማ የሆነውን ጨርቅ ሁሉ ወደ ኋላ አስገባሁና በሩ ላይ አንድ ሙሉ መጋረጃ ከነስሱ ቱል፣ ከነዘንጉ ሰቀልኩ። ደንበኛ ስትመጣ መጀመሪያ አስቀምጣታለሁ። ሶፋሽ ምን ቀለም ነው? መስኮትሽ ወደየት ነው? ፀሐይ የሚገባው ጠዋት ነው ከሰዓት? ይህን ስጠይቃት ቤቷ የገባሁ ያህል ትቀርበኛለች። አሸብር እያየ ይስቃል፣ ከዚያ እሱም መጠየቅ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ጀርባዬን ሰጥቼ ጣቃ ስጠቀልል ሀጂ ሙናዊር ከጎናቸው ላለው ነጋዴ ሲያወሩ ሰማሁ። ፊት ለፊታችን ብርድ ልብስ የሚሸጡ ሰው ናቸው፣ ከሙህዲን ጋር አብረው ነው ተራ የገቡት። «ሙህዲን ቻይና መሄዱ ለሱቁ በጀው» አሉ። ሳቁ።

ደስ አለኝ። ከሰኔ ወዲህ የተሰማኝ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ጻፍኩት።

ሐምሌ 25፣ ጁምዓ

ኢየሩስ ማሽኑስ አለችኝ። እየተፈለገ ነው አልኳት። ቤታችን ወለል ላይ ስለሚከብድ ክብደቱን እያጠናሁ ነው አልኳት። ይሄ ሕንፃ ሶፋና ቁም ሳጥን ተሸክሞ የለም እንዴ አለች። ስቄ አለፍኩት።

ሙህዲን ቀኝ እጁ ማንኪያ መያዝ ጀመረ። እግሩ ግን ጣቶቹን ከመሬት አያነሳም። ሲሄድ ወለሉን ይጠርገዋል።

ነሐሴ 1

ሰው በአዲስ ዓመት መጋረጃ ይቀይራል። ገና ነሐሴ አንድ ብሎ ሰልፉ ጀመረ። ዝናብ ላያቸው ላይ እየወረደ ይመጣሉ። ጭቃ ነው ተራው። የቡና ዓይነቱን ቀለም በራሴ ነው ያዘዝኩት፣ ሙህዲንን አላማከርኩም፣ ተኝቶ ነበር። በሳምንቱ አለቀ።

የተኛ ሰው ይቀሰቀሳል። አልቀሰቀስኩትም።

ነሐሴ 5

ፉርቃን ደወለ። ድምፅ የማይሰማ መጣ እናቴ አለኝ። ሮጬ ሄድኩ ማለት ይቻላል። ወጣሁበት። እውነትም አይሰማም። ወለሉ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ እኔም ዝም ብዬ ሄድኩ፣ ከመስኮቱ ባሻገር ዝናቡን እያየሁ። ፉርቃን ሌላ ደንበኛ ያዘና ረሳኝ። ላብ በጀርባዬ እስኪወርድ ድረስ አልወረድኩም።

ስወርድ ይህን ላስጭንልዎ አለኝ። ጥሩ ነው አልኩት፣ ትልቅ ነው፣ የሚታጠፍ ቢሆን ኖሮ አልኩት። የሚታጠፈው የሚመጣው በመርከብ ነው አለ። ይምጣ አልኩት።

ነሐሴ 8

አሸብር ማምሻውን አንድ ፌስታል ብርቱካን ሰጠኝ። ከአትክልት ተራ በጠዋት የገዛው ነው። ለማን ነው አልኩት። «ለቤት» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ። አመሰግናለሁ ብዬ ተቀበልኩ። መንገዱን ሁሉ ፌስታሉ ከብዶኝ ሄድኩ።

ምን ሰምቶ ይሆን? ማንም አልነገረው። ብርቱካን ብርቱካን ነው።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ሙህዲን ወደቀ። ኮሪደሩ ላይ እግሩ ከበሩ ጠርዝ ጋር ተያያዘበት። ሀፍሷ ደወለችልኝ። ከፊቴ ለሦስት ክፍል መጋረጃ የምታስለካ ሴት ነበረች። መጣሁ አልኳት ሀፍሷን። ሴትየዋን ለካሁላት፣ ቆረጥኩላት፣ ሸኘኋት፣ ከዚያ መጣሁ።

ክንዱ ተልጧል። ሌላ አልተጎዳም። ሀፍሷ ቁስሉን ጠርጋ አሰረችው። ኋላ ማድ ቤት ተከትላኝ ገብታ በሩን ዘጋችና «እማዬ፣ አባዬን ቻይና ያለው ማነው?» አለችኝ። ተስማምተን ነው አልኳት። «ከማን ጋር? እሱ ያን ቀን ራሱን እንኳ አያውቅም ነበር።» ድምፅሽን ቀንሺ፣ ታች ይሰሙሻል አልኳት።

ያን ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ ሳለሁ ሀጂ ሙናዊር ሙህዲንን ፈልገው ደወሉ። አፌ ቻይና አለ። ሱቁን ለማዳን ነው። ሌላ ምን ልል ኖሯል?

ሸጬ መጣሁ። ይህን ደጋግሜ እያሰብኩት ነው። ሸጬ ነው የመጣሁት።

ነሐሴ 16፣ ጁምዓ

ኢየሩስ ተቆጣች። ጋሼ በዚህ ኮሪደር ላይ የትም አይደርሱም አለች። ወይ ማሽኑን ወይ መንገዱን አለች፣ አንዱን ምረጡ። እኔ ደግሞ ስለ ሞተር አወራኋት። ሁለት ዓይነት ሞተር አለ፣ አንዱ ለብዙ ሰው መጠቀሚያ ነው፣ አንዱ ለቤት። ስለ ቀበቶው ውፍረት ነገርኳት። አሁን ስለ ትሬድሚል ከፉርቃን በላይ ሳላውቅ አልቀርም። ስታዳምጠኝ ቆይታ ጃኬቷን ለበሰች።

አዛን አለ። ሙህዲን ዛሬ ጁምዓ ነው አላለም።

ነሐሴ 20

ሥራ። ሥራ። እግሬ አብጧል። በሕልሜ ቱል ስለካ አደርኩ።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

እራት ከበላን በኋላ ሙህዲን ሱቁን ጠየቀኝ፣ እንደ ወትሮው። ማን መጣ፣ ምን ወጣ፣ የትኛው ጣቃ አለቀ። ነገርኩት። የቡናውን ቀለም ሳልነግረው እንደገና ማዘዜንም ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። አበጀሽ አላለኝም፣ ለምን አላለኝም።

ቀጥሎ ስለ ማሽኑ ጠየቀኝ። የመጨረሻውን አስረዳሁት። ድምፅ የለውም፣ ወለሉ ሰፊ ነው፣ አይታጠፍም እንጂ፣ ቀለሙ ጥቁር ነው፣ ከፊት መስታወት መሳይ ነገር አለው አቧራ ይይዛል፣ የሚታጠፈውን ብንጠብቅ ይሻላል አልኩት። ብዙ አወራሁ።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። ምላሱ አሁን ደህና ነው፣ ቀስ ብሎ ነው እንጂ ሁሉን ይላል።

«ዋጋውን አልነገርሽኝም» አለ።

ፍርፋሪውን ከጠረጴዛው ላይ ጠረግኩ።

«ስንት ማሽን አየሽ ሀስና፣ የአንዱንም ዋጋ አልነገርሽኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ገዢ ሳይ ኖርኩ። እንከን እያወጣ የሚከራከር ይገዛል። እንከን እያወጣ ዋጋ የማይጠይቅ ግን ገዢ አይደለም፣ ዝናብ ሊያሳልፍ የገባ ነው።»

አልተቆጣም። ይህን ብሎ ወደ መጋረጃው ዞረ። ሳህኑን አነሳሁ። እውነቱን ነው፣ አልጠየቅኩም። ለምን እንዳልጠየቅኩ ግን እኔ ምን አውቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ገዛሁት። ድምፅ የሌለውን። ፉርቃን ዋጋ ሲጠራ ሳልከራከር ከፈልኩ። «እናቴ፣ ትንሽ እንኳ አይሉኝም?» ብሎ ደነገጠ። መርካቶ ተወልዶ እንዲህ ያለ ገዢ አላየም መሰለኝ። ለእርስዎ ኪሎና ለእርስዎ እርምጃ ልክክ ያለ ነው፣ መርጠዋል አለኝ።

ጳጉሜ 1

ተሸካሚዎቹ ካርቶኑን በመጋረጃ ጨርቅ ጠቅልለው አወጡት። ታች ያለችው ጎረቤታችን በሯን ከፍታ ምንድነው አለች። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው አልኳት። መብሩክ አለችኝ።

አንዱ ውሸት ሌላውን ይወልዳል ይባላል። አሁን ደግሞ ልብስ በእጅ ሳጥብ እንዳታየኝ ልጠነቀቅ ነው።

ሶፋውን ገፍተን መስኮቱ ሥር ተከልነው። ሙህዲን እንደ ጣቃ ዳሰሰው። ጎማውን፣ መያዣውን፣ ቁልፎቹን። ጥሩ ዕቃ ነው አለ።

ጳጉሜ 2፣ እሁድ

ዛሬ በሰፊው ልጻፍ። ሰዓት አለኝ፣ ሱቅ ዝግ ነው።

ኢየሩስ በእረፍት ቀኗ መጣች። ደስ ብሏት ነበር። ሙህዲን ካልሲውን አወለቀ፣ ሁለታችን ደግፈን አወጣነው፣ መያዣውን ጨበጠ። ቀዩን ገመድ ልብሱ ላይ አሰረችለት፣ ቢወድቅ ማሽኑን የሚያቆመው እሱ ነው። ቢስሚላህ አለ። ቁልፉን ተጫነች።

ግራ እግሩ ሄደ። ቀኙ ሳይነሳ ወለሉ ይዞት ወደ ኋላ ሄደ። ለማንሳት ሲሞክር ሌላው ጎተተው። ኢየሩስ ገመዱን መዘዘችው። ቆመ። እንደገና ሞከሩ። እንደገና መዘዘችው። ሦስተኛ ላይ ፊቱን ላብ አጠመቀው፣ መያዣው ላይ ደረቱን ጥሎ ቀረ።

ኢየሩስ ቁልፎቹን አገላበጠች። «ከዚህ የሚያንስ ፍጥነት የለውም?» አለችኝ።

የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ አንድ ይላል፣ ከዚያ በታች የለም። ስንት ሱቅ ስዞር፣ ስንት ቀን ስመላለስ፣ ምን ያህል ይሮጣል ብዬ ጠየቅኩ እንጂ ምን ያህል ቀስ ይላል ብዬ አልጠየቅኩም። እኛ ነጋዴዎች ትልቁን ነው የምንጠይቀው። ስንት ይሸከማል፣ ስንት ዓመት ያገለግላል። ትንሹን ማን ይጠይቃል? ኢየሩስ ግን የመጀመሪያው ጁምዓ ቀስ የሚል ብላኝ ነበር። ገልጬ አየሁት፣ ጽፌዋለሁ።

«ማነው ልክ ሰጥቶ ያስመረጠው?» አለች ኢየሩስ። ለእኔ ነው ብዬ ነበር አልኩ። አየችኝ። «ልክ ነዎት፣ ይሄ የእርስዎ ነው» አለች። ለክፋት አልነበረም፣ እንዲያው ነው ያለችው።

በር ድረስ ሸኘኋት። እግሩ እንዴት ነው አልኳት። ጫማዋን እያሰረች ቆየች። «ሐምሌ ላይ መንገድ ወጥተው ቢሆን ኖሮ» አለችና ተወችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ አሁንም ይራመዱ፣ የባሰ እንዳይሆን ይረዳል አለች። የባሰ እንዳይሆን ነው ያለችው። ይሻለዋል አላለችም።

ወደ ሳሎን ተመለስኩ። ሙህዲን ማሽኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ሀፍሷ እግሩን በፎጣ ታብሳለች። የሆነ ነገር መናገር ነበረብኝ። ሻይ ላፍላ አልኩ።

«ከበዓሉ በኋላ እንወርዳለን» አለ። የት አልኩት። «ተራ ነዋ። ቻይና በቃኝ።»

መስከረም 1

እንኳን አደረሰን። ቤቱ ፀጥ ብሏል።

መስከረም 5፣ ሰኞ

ወረድን። ሀፍሷ ከዘራ ገዝታለት ነበር። በግራ እጁ ከዘራውን፣ በቀኙ እኔን ይዞ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ሰዓት። ታች ያለችው ጎረቤት በር ላይ ነበረች። «አላህ ያሽርህ» አለችው እንጂ መቼ መጣህ አላለችውም።

ከተክለ ሃይማኖት ዱባይ ተራ ቅርብ ነው። ዛሬ ግን አንድ ቀን የሚፈጅ መሰለኝ። ጋሪ ገፊው ዞሮ አለፈን፣ ታክሲው ጥሩንባ ነፋብን፣ ሙህዲን እግሩን እየጠረገ ሄደ። ክንዴ ደነዘዘ። ሌላውም ሰውነቴ ደንዝዞ ነበር፣ ክንዴን ብቻ ነው ያወቅሁት።

ተራው አፍ ላይ ስንደርስ ሁሉም ቆመ። ሀጂ ሙናዊር ከብርድ ልብሳቸው መሃል ወጡና መጡ። እግሩን አላዩም። ከዘራውንም አላዩም። ዓይኑን ዓይኑን እያዩ እጃቸውን ዘረጉለት።

«እንኳን በሰላም መጣህ ሙህዲን» አሉት። «ቻይና እንዴት ነው?»

«ሩቅ ነው ሀጂ» አላቸው።

ማንም አልሳቀም። ከየሱቁ እየወጡ እንኳን በሰላም መጣህ አሉት፣ ሁሉም ያንኑ። ያኔ ነው የገባኝ። ከሐምሌ ጀምሮ ያውቁ ነበር። አሸብር ብቻ አይደለም፣ ተራው በሙሉ። አውቀው አላወቁም፣ እኔ እንዳላፍር።

ከሰዓት በኋላ ዕቃ የሚሰጡን ሰዎች ብርቱካን ይዘው መጡ። በጣቃዎቹ በኩል አለፉ፣ ተቀመጡ፣ አጫወቱት፣ ዱዓ አድርገውለት ሄዱ። አንድ ጣቃ የነካ የለም። ስለዚህ ሐምሌም ላይ ባልነኩ ነበር።

ሙህዲን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በሩ ላይ የሰቀልኩትን መጋረጃ አየው። «ያምራል» አለኝ። ከዚያ ሰው ቀነስ ሲል ቀረብ ብሎ «ብዙ ተንገላታሽ የሀፍሷ እናት፣ አሁን ቤትሽ እረፊ» አለና ግራ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሰጠሁት።

በፍቅር ነው ያለው። ያ ነው የከፋኝ።

መስከረም 9

ልብስ አጠብኩ። ሩዝ ለቀምኩ። ሀፍሷ ወደ ትምህርቷ ሄደች።

ሙህዲንን ጠዋት ጠዋት አሸብር መጥቶ ይወስደዋል፣ ማታ ይመልሰዋል። ጁምዓም ሰገደ። ፊቱ በራ። እግሩ እንደዚያው ነው። ኢየሩስ በሳምንት አንዴ ነው የምትመጣው አሁን።

ዶክተሩ እስከ መስከረም ነበር ያለው። ያለው ጊዜ ደረሰ።

መስከረም 11

ማሽኑን ሽጪው አለኝ ሙህዲን። እሺ አልኩት። ልብስ አስጥቼበታለሁ።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

ጠዋት ሥራ ጨረስኩ። ገና ረፋድ ነው፣ ሱቅ የሚከፈትበት ሰዓት። መስኮቱ ጋ ሄጄ ያንን ጥቁር መጋረጃ ግራና ቀኝ ገለጥኩት። ከሐምሌ ጀምሮ በቀን ብርሃን ሲገለጥ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። እኔ መጋረጃ ሻጭዋ ጨለማ ቤት ውስጥ ነበር የከረምኩት።

ልብሱን ከማሽኑ ላይ አነሳሁ። ጫማዬን አወለቅኩ። ከአንድ ጀመርኩ፣ ከዚያ ጨመርኩ። ፉርቃን አልዋሸም፣ ለኔ ልክ ነው። ከታች እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ይታያል፣ ጋሪው፣ ሴቶቹ ፌስታላቸውን ይዘው። ሁሉም ወደ ተራ ነው የሚወርደው። እኔም አብሬያቸው እየሄድኩ ነበር። እንባዬ መጣ። በሰኔ ያልመጣ፣ በሐምሌ ያልመጣ። አላቆምኩትም፣ እግሬንም አላቆምኩም።

ስልኬ ጮኸ። አሸብር ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ ጋሼ እንዳይሰሙ መሰለኝ። አንዲት ሴት ሶፋዋ የወይን ጠጅ ነው፣ መስኮቷ ፀሐይ መግቢያ በኩል ነው፣ ምን ልስጣት አለኝ። ከኋላ መደርደሪያ የአሸዋ ቀለሙን አውጣላት፣ ቱሉ ነጭ እንዳይሆን፣ ወተት ዓይነቱን አድርግላት አልኩት። እያለከለክሁ ነበር።

ማለክለኬን ሰማው።

«እየመጡ ነው እንዴ እትዬ?» አለኝ። ደስ ብሎት ነው የጠየቀው፣ ከድምፁ ያስታውቃል።

አይ፣ ቤት ነኝ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ፍጥነቱን ጨመርኩት።